ደብዳቤው በማን እጅ ላይ ነው?

ከአንኮበር ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ቁልቁለቱን የወረደ ሰው፣ የደጋው ብርድ ከኋላው ቀርቶ የይፋት ቆላ ሙቀት ፊቱን ሲነካው አሊዩ አምባ ይደርሳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህች ከተማ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ የሐረሩ ነጋዴ፣ አርጎባው፣ አፋሩና ከደጋ የወረደው አማራ ይገናኙባት ነበር። አሞሌ፣ ቡናና ጨርቅ ይሸጥባታል፤ ሰውም ጭምር ይሸጥባት ነበር። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የተነሣ ቅፍለት የአሳልን ሐይቅ ታክኮ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦና አዋሽን ተሻግሮ ፋሬ ይገባል፤ ከፋሬ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጠብቀው አሊዩ አምባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚህ መንገድ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ተከተለውና አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ኖረ። በ1844 ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ስለ ከተማዋ ሰፋ አድርጎ ጽፏል።

እኔን ከጭነቱ ይልቅ የሚስበኝ በጭነቱ መካከል የሚጓዘው ወረቀት ነው። አንኮበር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሕንድ አገር ቦምቤይ እስኪገባ ስንት እጅ ይቀበለው እንደነበር ይታሰብ። ጸሐፊው ለመልእክተኛ ይሰጣል። መልእክተኛው ቆላ ወርዶ ወደ ባሕር ለሚመለስ ቅፍለት ያስረክባል። ቅፍለቱ ሳምንታት ተጉዞ ታጁራ ላይ ላለ ሰው ያቀብላል፤ ከዚያ በጀልባ ኤደን፣ ከኤደን በመርከብ ሕንድ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከማን እንደተቀበለና ለማን እንዳስረከበ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሳይደርስ ሲቀርም ፍለጋው በአንድ ጥያቄ ይጀመራል፦ አደራውን መጨረሻ የተቀበለው ማን ነው?

የኢሜይል ሰርቨር የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ችግሩም የሚፈለገው በዚሁ ጥያቄ ነው። ይህን በአጽንዖት የምናገረው በየመሥሪያ ቤቱ የማየው ልማድ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ኢሜይል አልደረሰም ሲባል ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ካልሆነ ፋየርዎሉን መክፈት፣ ካልሆነም ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫን ነው። ደብዳቤው ግን ከዚያ ሰርቨር ከወጣ ሁለት ሰዓት አልፎት፣ አደራውም በሌላ አገር ባለ ሰርቨር እጅ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 የጻፈው ነው፤ ኋላ በ2008 ተሻሽሎ ወጥቷል፤ አጥንቱ ግን አልተለወጠም። ላኪው ሰርቨር የተቀባዩን ሰርቨር በፖርት 25 ያንኳኳል፤ ስሙን ተናግሮ ሰላምታ ይሰጣል። ቀጥሎ «ከእገሌ ነው» ይላል፤ «ለእገሌ ነው» ይላል፤ ከዚያ ደብዳቤውን ያወርዳል። ለእያንዳንዱ ንግግር ተቀባዩ ሦስት አሃዝ ባለው ቁጥር ይመልሳል። ደብዳቤው አልቆ ላኪው በአንድ መስመር ላይ ነጥብ ብቻዋን ሲያስቀምጥ፣ ተቀባዩ 250 ብሎ ከመለሰ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አደራው የእርሱ ነው። ወይ ለባለቤቱ ያደርሳል፣ ወይ «ማድረስ አልቻልሁም» ብሎ ለላኪው ያስታውቃል። መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ቢወድቅ እንኳ ደብዳቤውን ዝም ብሎ መጣል አይፈቀድለትም። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሰርቨር 250 ከማለቱ በፊት ደብዳቤውን ዲስክ ላይ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ቪትሴ ቬኔማ ለሕዝብ ያቀረበው ፖስትፊክስም ሆነ ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ፊሊፕ ሄዝል በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ኤክዚም የተመሠረቱት በዚህ ግዴታ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሸዋ ሮቢት ላይ ከቀወትና ከአካባቢው ገበሬ ማሾ ሰብስቦ ለላኪ ድርጅት የሚሸጥ አንድ ዩኒየን አለ እንበል። ዩኒየኑ የራሱን የዶሜይን ስም ተመዝግቦ፣ በቢሮው ጥግ ፖስትፊክስ የተጫነበት አንድ ሰርቨር አቁሟል። ሥራ አስኪያጁ ማኅተም ያረፈበትን የዋጋ ማቅረቢያ ስካን አድርገው አዲስ አበባ ላለ ገዢ ልከዋል። በማግሥቱ ገዢው ደውሎ «አልደረሰንም» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ባለሙያዋን ጠርተው «እኔ ልኬያለሁ፤ እነሱ አልደረሰም ይላሉ፤ ምን ይሻላል?» ይሏታል። ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ነው።

ባለሙያዋ የምትከፍተው የመጀመሪያው ነገር ሎጉ፣ ማለትም የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ ነው። ፖስትፊክስ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር ስትፈልግ የደብዳቤው ታሪክ በተርታ ይወጣል። ወደ መጨረሻው ላይ ከሦስት ቃላት አንዱን ታገኛለች። «ሴንት» የሚል ካለ ከጎኑ የተቀባዩ ሰርቨር 250 ተጽፏል፤ አደራው ወጥቷል፤ ፍለጋው የሚቀጥለው አዲስ አበባ ነው። ብዙ ጊዜም የሚገኘው በገዢው የስፓም ሳጥን ውስጥ ነው። «ዲፈርድ» የሚል ካለ ደብዳቤው ገና ሸዋ ሮቢት ወረፋ ላይ ተቀምጧል። «ባውንስድ» ካለ ተቀባዩ እምቢ ብሏል፤ ለሥራ አስኪያጁም የእምቢታው ወረቀት ተመልሶ ሳጥናቸው ውስጥ አለ፤ እንግሊዝኛው ስላስቸገራቸው ሳያነቡት አልፈውት ይሆናል። መለያ ቁጥሩ ጭራሽ ከሌለ ደብዳቤው ከሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር አልወጣም። ይኼ የመጨረሻው ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል፤ ደብዳቤው በኮምፒውተሩ የመውጫ ሳጥን ውስጥ ኔትወርክ ሲጠብቅ ያድራል።

እዚህ ላይ በብዙ አገር የማያጋጥም አንድ መሰናክል አለ፤ ሰዓቱ። ሥራ አስኪያጁ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላክሁ» ይላሉ። የቢሮው ኮምፒውተር ያንን 9 ሰዓት ብሎ ጽፎታል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሎጉ ላይ 6 ሰዓት ተብሎ ነው የሚገኘው፤ እኛ ከመነሻው ሦስት ሰዓት እንቀድማለንና። አንዱ ቅጽበት ሦስት ስም አለው። ባለሙያዋ 3 ሰዓት ላይ ብትፈልግ ባዶ ታገኛለች፤ ባዶ ስላገኘችም «አልተላከም» ብላ ትፈርዳለች። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ «በሰባት ላክሁ» ሲሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ አለባት። ሰዓቱን አስቀድሞ ወደ አንድ መለወጥና የሰርቨሩን ሰዓት ከኢንተርኔት የሰዓት ምንጭ ጋር ማስተካከል ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ድካም ግን የቀን ነው።

ተቀባዩም ዘንድ የደብዳቤው ታሪክ አለ። እያንዳንዱ ሰርቨር ሲቀበል «ከእገሌ፣ በዚህ ሰዓት ተቀብያለሁ» የሚል መስመር ከደብዳቤው ራስ ላይ ይጨምራል። አዲሱ ሁልጊዜ ከላይ ስለሚታከል የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ደብዳቤው የት እንደዘገየ በቀጥታ ያሳያል። ጆንስተን ደብዳቤው የት ስንት ቀን እንደተቀመጠ የሚያሳይ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖረው ምን ባልከፈለበት!

አሁን የእምቢታውን ቁጥር እንይ፤ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። በ4 የሚጀምር ቁጥር «አሁን አይሆንም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ ላኪው ይጠብቅና ይመለሳል። በ5 የሚጀምር «አይሆንም፣ አትመለስ» ነው። 550 ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያለ ሳጥን እዚህ የለም ወይም አልቀበልህም ማለት ነው። 552 ደብዳቤው ከተፈቀደው መጠን በልጧል የሚል ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤም ያጋጠመው ይህ ሊሆን ይችላል። ኢሜይል ፋይልን እንዳለ አይሸከምም፤ ወደ ፊደላት ይለውጠዋል፤ በዚህ ለውጥ መጠኑ በሲሶ ያድጋል። ባለማኅተሙ ስካን 8 ሜጋባይት ከሆነ መንገድ ላይ ከ10 ሜጋባይት ተኩል በላይ ይመዝናል። ፖስትፊክስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ገደብ ደግሞ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። ተጠቃሚው «ፋይሌ 8 ነው፣ ገደባችሁ 10 ነው፣ ለምን እምቢ አላችሁ?» ብሎ ሲቆጣ ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። በቀለም ስካን የተደረገ አንድ ገጽ ደብዳቤ እዚህ መጠን ላይ መድረሱም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስካነሩን በጥቁርና ነጭ በ200 ነጥብ ማስተካከል ገደቡን ከማሳደግ የተሻለ መፍትሔ ነው።

በ4 ከሚጀምሩት ቁጥሮች ለኛ አገር ላኪዎች ትርጉም ያለው ግሬይሊስቲንግ የሚባለው ልማድ ነው። ተቀባዩ ሰርቨር የማያውቀው ላኪ ሲመጣበት በመጀመሪያ 451 ብሎ ይመልሰዋል። እውነተኛ ሰርቨር ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ የስፓም ፕሮግራም ግን ለመመለስ ትዕግሥት የለውም ተብሎ ይገመታል። በሣህለ ሥላሴ ጊዜ የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ በሩን ይጠብቁ ነበር፤ ባዕድ ሰው የንጉሡ ቃል ሳይመጣለት ወደ ደጋው አይወጣም ነበር። ሃሪስና ጓዶቹም ስጦታቸውን እንደተሸከሙ አሊዩ አምባ ላይ ፈቃድ ሲጠብቁ ቆይተዋል። 451ን ያየ ባለሙያም ሊያደርግ የሚገባው ያንኑ ነው፤ መጠበቅ። ወረፋውን ደጋግሞ በግድ መግፋት አንዳንድ ተቀባዮችን ያስቆጣል እንጂ አያፈጥንም።

ደብዳቤው ወረፋ ላይ ተቀምጦ ምንም ቁጥር ካልተመለሰ ግንኙነቱ ራሱ አልተጀመረም ማለት ነው። እዚህም የምክንያቱ ቃላት ይለያያሉ። «ጊዜው አለቀ» የሚል ከሆነ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም፤ በመካከል ፋየርዎል አለ ወይም የኢንተርኔት አቅራቢው ፖርት 25ን ዘግቷል። በብዙ አገሮች አቅራቢዎች ስፓምን ለመከላከል ይዘጉታል፤ ለተቋም ደንበኛ የሚከፈተው በጥያቄ ነው። «እምቢ ተባለ» የሚል ከሆነ ማሽኑ አለ፣ የኢሜይል ፕሮግራሙ ግን አልተነሣም። «ስሙ አልተገኘም» የሚል ከሆነ ነገሩ ከዲኤንኤስ ነው። ሦስቱን ሁሉ በአንድነት «ኔትወርክ የለም» ብሎ ማለፍ ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ መድኃኒት ማከም ነው።

ዲኤንኤስ የአድራሻ መዝገብ ነው። ከ@ ምልክቱ በስተቀኝ ላለው ስም ደብዳቤ የሚቀበለው የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ኤምኤክስ የተባለው መስመር ይናገራል። ሁለት ሰርቨሮች ከተመዘገቡ አነስተኛ ቁጥር ያለው ይቀድማል። መስመሩ የሚያመለክተው ወደ ስም እንጂ ወደ አይፒ ቁጥር መሆን የለበትም። ሰርቨር ለመቀየር ያሰበ ሰው አስቀድሞ የመስመሩን የዕድሜ ገደብ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ያድርግ፤ ካልሆነ ግማሹ ዓለም ለአንድ ቀን ያህል በአሮጌው አድራሻ ይልካል፤ አሮጌውን ሰርቨር ቸኩሎ የነቀለም ደብዳቤውን ያጣል።

እስካሁን ያየነው መድረስ አለመድረሱን ነው። በዛሬው ዓለም ግን የሚበልጠው ችግር መታመን ነው። ከላይ እንዳልሁት በሰርቨሮቹ ንግግር ውስጥ «ከእገሌ» የሚለው ቃል አለ፤ ደብዳቤው ራስ ላይም «ከእገሌ» ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ፖስታው ላይ ያለ ስም ነው፤ ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ ያለ። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ የ1982ቱ ደንብ አያስገድድም። ስለዚህ ማንም ሰው በማንም ስም መጻፍ ይችል ነበር። ይህን ለመዝጋት ሦስት ነገሮች መጡ። ኤስፒኤፍ በዲኤንኤስ ላይ «በእኔ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ አይፒዎች ናቸው» ብሎ ያውጃል፤ የሚመረምረውም የፖስታውን ስም ነው። ዲኬአይኤም በደብዳቤው ላይ ማኅተም ያሳርፋል፤ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑና ደብዳቤው መንገድ ላይ አለመነካቱ በዲኤንኤስ ላይ ባለ ቁልፍ ይረጋገጣል። ዲማርክ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከእነዚህ ከአንዱ ጋር መግጠሙን ይጠይቃል፤ ካልገጠመም ምን ይደረግ የሚለውን የዶሜይኑ ባለቤት ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ጉግልና ያሁ ደብዳቤ በብዛት የሚልክን ሁሉ (በጉግል ዘንድ በቀን 5,000 ገደማ) ሦስቱንም ይጠይቃሉ፤ ጂሜይል ጥቂት የሚልከውንም ከኤስፒኤፍና ከዲኬአይኤም ቢያንስ አንዱን ይጠይቀዋል። ብዙ የኢትዮጵያ ገዢና ሻጭ ሳጥኑ እነዚህ ዘንድ ስለሆነ ነገሩ ሸዋ ሮቢትንም ይመለከታል።

ኤስፒኤፍ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይታያል። ድርጅቱ አዲስ አገልግሎት ይገዛና የአገልግሎቱ መመሪያ «ይህን መስመር ጨምሩ» ይለዋል፤ ባለሙያውም ከነበረው ጎን ሁለተኛ የኤስፒኤፍ መስመር ይጽፋል። ለአንድ ስም ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር ካለ ግን ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ወደ አንድ መዋሃድ አለባቸው። መስመሩም ተቀባዩን ከአሥር ጊዜ በላይ ዲኤንኤስ የሚያስጠይቅ ከሆነ እንዲሁ ይፈርሳል።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው የተገላቢጦሽ መዝገብ ነው፤ ከአይፒው ተነሥቶ ስሙን የሚነግር። ይህን መጻፍ የሚችለው የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም የኢንተርኔት አቅራቢው ነው። የዶሜይኑ ባለቤት በራሱ ዲኤንኤስ ላይ ሺህ ጊዜ ቢጽፈው አይሠራም። በደብዳቤ መጠየቅ፣ ደብዳቤውንም መከታተል ያስፈልጋል።

ደግሞ የጉርብትና ጣጣ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ሃምሳ ኮምፒውተር በአንድ የውጭ አይፒ ጀርባ አስቀምጦ፣ የኢሜይል ሰርቨሩንም በዚያው አይፒ ቢያወጣ፣ ከሃምሳው አንዱ ቫይረስ ይዞት ስፓም መርጨት ሲጀምር አይፒው በጥቁር መዝገብ ይገባል። ያን ጊዜ የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ በ554 ይመለሳል። ፈውሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉን የሚያበላሽ ሰው ለሳምንታት ይንከራተታል። መጀመሪያ ምንጩ ይገኝ። ወረፋው ላይ በድንገት ሺዎች ደብዳቤ ከተከመረ ሎጉ ውስጥ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደገቡ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፓስወርዱ የተሰረቀበት አንድ ሠራተኛ ነው። ፓስወርዱ ይቀየር፣ ወረፋው ይታገድ፣ የስፓሙ ክምር ይጥፋ፤ ከሰርቨሩ በቀር ሌላው ማሽን ሁሉ በፖርት 25 እንዳይወጣ በራውተሩ ይዘጋ። ሰው የሚልክበት ፖርት 587 ወይም 465 ነው፤ 25 የሰርቨርና የሰርቨር ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ከጥቁር መዝገቡ ስሙ እንዲፋቅ ይጠየቅ። ምንጩን ሳይደፍን ስሙን ያስፋቀ በማግሥቱ ተመልሶ ይገባል፤ ሁለተኛው ልመና ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ፊደላችንም የራሱ የምርመራ ጥበብ አለው። ግዕዝ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ኢሜይል መጻፍ የፈለገ ሰው በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ለዚህ የተስተካከለ የአጻጻፍ ሥርዓት አውጥተው በ1990ዎቹ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተገልግለውበታል። ዛሬ እያንዳንዱ ፊደላችን በሦስት ባይት ይጓዛል፤ ሲበላሽም የተበላሸበትን ቦታ ይናገራል። ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ከሆነ ደብዳቤው ደህና ነው፤ አንባቢው ማሽን ላይ ፎንት የለም። እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት የላቲን ምልክት ሆኖ፣ የሦስቱም ቡድን መጀመሪያ ጭረት ያለባት አንዲት ፊደል ከሆነች ባይቶቹ ደህና ደርሰዋል፤ የጠፋው «ይህ ዩቲኤፍ ስምንት ነው» የሚለው ምልክት ነው፤ አንባቢው ፕሮግራም ላይ ኢንኮዲንጉን መቀየር ያድነዋል። ሁሉም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ መንገድ ላይ ሞቷል። ግዕዝን ወደማያውቅ የፊደል ስብስብ የለወጠው አንድ ፕሮግራም አለ፤ ተቀባዩ ጋ የሚደረግ ምንም ነገር አይመልሰውም፤ ላኪው እንደገና መላክ አለበት። በዌብ ቅጽ ወይም በአሮጌ የሒሳብ ሶፍትዌር በኩል የሚላኩ ማሳወቂያዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት እንዲህ ነው።

ከ@ በስተግራ ያለውን የሰው ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በደንቡ ተፈቅዷል። በመካከል ያሉት ሰርቨሮች ሁሉ ግን ሊያውቁት ይገባል፤ አንዱ ካላወቀ ይመልሰዋል። ለተቋም አድራሻ ዛሬ አልመክረውም፤ ሰርቨሩ ግን እንዲቀበለው ማዘጋጀት ቀላል ነው፤ ቢዘጋጅ ደስ ይለኛል።

ወደ ወረፋው ልመለስ፤ እንደኛ ላለ አገር የኢሜይል ትልቁ ጸጋ እርሱ ነውና። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ ኢሜይል ነበራት። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ተጠቃሚው በሞደም ደውሎ ደብዳቤውን ያስቀምጣል፤ ማዕከሉ ያጠራቅማል፤ ከዚያ በዓለም አቀፍ ስልክ የተጠራቀመውን አስረክቦ የመጣውን ይቀበላል። ዩኒቨርሲቲውም የጤና ባለሙያውም ያለ ቋሚ መስመር ከዓለም ጋር የተጻጻፈው እንዲህ ነው። መስመር ሁልጊዜ መኖሩ ለኢሜይል ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

ይህን ያወቀ ሰው መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቢያድር አይደነግጥም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ላኪዎች ደብዳቤውን በየራሳቸው ወረፋ ይዘው ደጋግመው ይሞክራሉ፤ ደንቡ ቢያንስ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ያህል እንዲታገሡ ይመክራል፤ ፖስትፊክስም ሲጫን የሚታገሠው አምስት ቀን ነው። የዓርብ ማታ ብልሽት ሰኞ ጠዋት ቢጠገን ደንቡን ከሚጠብቁ ላኪዎች አንድም ደብዳቤ አይጠፋም። ችግሩ ከአምስት ቀን ሲያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳጥኑ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የሆነ ሰው ሰርቨሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ ያስቀምጥለታል፤ መስመር ያገኘ ቀን ያነበዋል። ሰርቨሩን ቢሮው ጥግ አቁሞ በሞባይል መስመር ብቻ ያገናኘ ድርጅት ግን አብዛኞቹ ላኪ ሰርቨሮች እስከ ስድስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠውበት ለጻፈለት ሰው «ማድረስ አልተቻለም» ይላሉ።

ስለዚህ ለዩኒየኑ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። የራሱን የዶሜይን ስም ይያዝ፤ የሕዝብ ተቋም ኦፊሴላዊ ደብዳቤውን በአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይል ሲጻጻፍ ማየት ያንገበግበኛል፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የዓመታት መዝገብ አብሮት ይሄዳል። ስሙ የራሱ ይሁን፤ ሰርቨሩ ግን መብራትና መስመር አስተማማኝ በሆነበት ቦታ በኪራይ ቢቀመጥ ነውር የለውም። ቢሮው ውስጥ ማቆም የግድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ከተማ ላይ በሁለተኛ ቁጥር የተመዘገበ፣ ደብዳቤን ከአምስት ቀን በላይ ይዞ የሚጠብቅ ተጠባባቂ ሰርቨር ይኑረው። ተጠባባቂው ያሉትን ሳጥኖች ዝርዝር ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ላልነበረ ሰው የተጻፈውን ሁሉ 250 ብሎ ይቀበልና ኋላ ለማያውቃቸው ሰዎች የእምቢታ ወረቀት ሲበትን ራሱ ጥቁር መዝገብ ይገባል።

ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የሰርተፊኬት ነገርም እግረ መንገዴን ላንሣ። ከሌትስ ኢንክሪፕት የሚገኘው ነጻ ሰርተፊኬት ለ90 ቀን ሲያገለግል ቆይቷል፤ የሚታደሰው በራሱ እንዲሆን ተደርጎ ካልተዋቀረ አንድ ጠዋት የሠራተኛው ሁሉ ስልክ ሰርቨሩን አላምንም ይላል። ሰርተፊኬቱ ታድሶም ፕሮግራሙ አዲሱን እንዲያነብ ካልታዘዘ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል፤ «አድሻለሁ እኮ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

የቀረው ፖስትማስተር ነው። ደንቡ ደብዳቤ የሚቀበል ማንኛውም ዶሜይን በዚህ ስም ለሚመጣ ደብዳቤ ሳጥን እንዲኖረው ያስገድዳል። ሌላው አገር ያለ አስተዳዳሪ «ከእናንተ ዘንድ ስፓም እየመጣብኝ ነው» ብሎ የሚጽፈው፣ ጥቁር መዝገብ ያዢው የሚያስጠነቅቀው፣ ሰርቨሩ ራሱ ሲጨነቅ የሚያሳውቀው ወደዚህ ሳጥን ነው። በብዙ ተቋም ይህ ስም ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ወደ ለቀቀ ሰው ተላልፎ ይገኛል፤ ወይም ሳጥኑ ሞልቶ ራሱ 552 ይመልሳል። የዩኒየኑ ባለሙያ ዛሬ ከግል ስልኳ በዚህ ስም አንድ ደብዳቤ ለራሷ መሥሪያ ቤት ትላክ። ከዚያ ሎጉን ከፍታ መለያ ቁጥሩን ትፈልግና የማን ሳጥን ውስጥ እንዳረፈ ታረጋግጥ።